መንኰራኵር ያለው ቤት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ፥ ከአሉሚኒየም የተሠሩና በመኪና የሚጐተቱ 41 ቤቶችን አሰልፎ፥ ከደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ታውን ተነሥቶ ወደ ካይሮ ታላቅ ጕዞ ጀመረ። መንገዱ በኢትዮጵያ ስለ ነበረ፥ እነዚያ እንደ ብር የሚያብረቀርቁ ተጐታች ቤቶች አዲስ አበባ ደርሰው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል። እነዚያ ሰዎች ግን የወጡት አገር ለማየት ነበር፤ ጕዞው ሲፈጸምም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ዛሬ የምንጽፈው ለጥቂት ወራት ለሽርሽር ስለሚወጡት አይደለም። በዚያው በአሜሪካ አገር ከመኪናቸው በቀር ሌላ ቤት የሌላቸው፥ ክረምት ከበጋ በመኪና ውስጥ የሚያድሩ፥ የሚያበስሉ፥ የሚታመሙና የሚያረጁ ብዙ ሰዎች አሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከእነርሱም አንዳንዶቹ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰፊ ቤታቸውን ሽጠው በፈቃዳቸው የወጡ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. በደረሰው የገንዘብ ችግር ሥራቸውንና በዕዳ የገዙትን ቤት ያጡ፥ ወይም የቤት ኪራይ ከገቢያቸው በላይ የሆነባቸው ናቸው። ጄሲካ ብሩደር የምትባል ጋዜጠኛ የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ተከታትላ «ኖማድላንድ» የተባለ መጽሐፍ በ2017 ዓ.ም. አሳተመች፤ ከመጽሐፉ የተሠራውም ፊልም በ2021 ዓ.ም. የኦስካርን ታላቅ ሽልማት ስላገኘ፥ ነገሩ በዓለም ሁሉ ታወቀ።

ፊልሙን ያየ ሰው የበረሃውን ጀምበርና የሌሊቱን ኮከብ እያሰበ ኑሮው ቀላል ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ቤት ማለት ውሃው በቧንቧ የሚመጣበት፥ እድፉ በቦይ የሚሄድበት፥ መብራቱ በሽቦ የሚገባበት፥ ደብዳቤውም በቍጥር ተፈልጎ የሚደርስበት ስፍራ ነው። ይህን ሁሉ ማዘጋጃ ቤት በዝምታ ስለሚሠራው ባለቤቱ አያስበውም። ወደ መኪና የገባ ሰው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ለራሱ ማዘጋጃ ቤት ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በሰላም ይኖርበታል፤ ሳያውቅ የገባ ግን ገንዘቡን፥ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ያጣበታል። እንግዲህ ነገሩን በየተራው እንመልከት።

ስለ መኪናው ምርጫና ስለ ክብደቱ

ለዚህ ኑሮ የሚሆኑት መኪናዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ዕቃ ማመላለሻ የነበረ ዝግ መኪና ሆኖ፥ አልጋና ምድጃ ገብቶበት ቤት የተደረገው ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ቤት ሆኖ የተሠራው፥ አንዳንዱም አውቶቡስ የሚያህለው ነው። ሦስተኛው በሌላ መኪና የሚጐተተው ነው። በአሜሪካ የዚህ ሥራ ዋና ስፍራ በኢንዲያና ግዛት ያለችው የኤልክሃርት ከተማና አካባቢዋ ነው።

ትንሹ መኪና በከተማ መንገድ ለመቆም ይመቻል፥ ነዳጅም አያበዛም፤ ነገር ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ልብሱን ሲለብስ እንኳ እንዳጐነበሰ ይኖራል። ትልቁ ለኑሮ ይደላል፤ ሆኖም ጠባብ መንገድና ዝቅተኛ ድልድይ ባገኘ ቍጥር ይቸገራል። የተጐታቹ ጥቅም፥ ጐታቹ መኪና ቢበላሽ ቤቱ ሳይነካ መቅረቱ ነው። በሌሎቹ ግን ሞተሩ የተበላሸ ቀን ቤቱም አብሮ ጋራዥ ስለሚገባ፥ ባለቤቱ ማደሪያ ያጣል። ስለዚህ ለጥገናና ለጥቂት ቀን ማረፊያ የሚሆን ገንዘብ ለይተው ሳያስቀምጡ መውጣት አይገባም። ኢንሹራንስም ሲገባ፥ መኪናው የዘወትር መኖሪያ መሆኑን ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል፤ ለሽርሽር መኪና የተጻፈ ውል በውስጡ የሚኖርን ሰው ጕዳት ላይክስ ይችላልና።

ማንኛውም መኪና ከነጭነቱ ሊያልፈው የማይገባው የክብደት ልክ አለው፤ ይህም በመኪናው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ተመልክቷል። አዲስ ገቢዎች ግን ባዶ ስፍራ ባዩ ቍጥር መሙላት ይወዳሉ። እስቲ በምሳሌ እንቍጠረው፤ 150 ሊትር ውሃ 150 ኪሎ ነው፤ ባልና ሚስቱ አንድ ላይ 140 ኪሎ ቢመዝኑ፥ ባትሪው፥ ጋዙ፥ መጻሕፍቱና የወጥ ቤቱ ዕቃ ደግሞ 250 ኪሎ ቢሆን፥ ገና ልብስና ምግብ ሳይጨመር 540 ኪሎ ሆነ። ከልኩ ያለፈ መኪና ፍሬኑ ይደክማል፥ ጎማውም ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ጭነት ጭኖ በከባድ መኪና ሚዛን ማስመዘን የሚገባ ነው።

የጎማም ዕድሜ በመልኩ ብቻ አይታወቅም። በጎኑ ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ምልክት መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቍጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 የሚል እንደ ሆነ፥ በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢመስልም ብዙ ዓመት በፀሐይ የቆመ ጎማ ሊታመን አይገባም።

ስለ ውሃና ስለ እድፍ

ቧንቧውን ከፍቶ ጥርሱን ማጠብ የለመደ ሰው፥ በመኪና ውስጥ ውሃው ሳያስበው ያልቅበታል። ከላይ የተባለው 150 ሊትር፥ ሁለት ሰዎች በቀን ዐሥር ዐሥር ሊትር ብቻ ቢጠቀሙ፥ ለሰባት ቀን ያህል ይበቃል። በዚህም ልክ ለመኖር ሳህኑን ከማጠብ በፊት በወረቀት መጥረግ፥ ገላንም በባልዲ ውሃ መታጠብ መልመድ ያስፈልጋል።

የእድፍን ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ማንሣት ነውር የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ለጤና ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። በቤት መኪና ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማጠራቀሚያ ይገኛል፤ አንዱ የንጹሑ ውሃ፥ ሁለተኛው የገላና የዕቃ እጣቢ የሚወርድበት፥ ሦስተኛው የመጸዳጃው ነው። አዲስ ሰው የመጸዳጃውን ማጠራቀሚያ መዝጊያ ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ መተው ይመቸው ይመስለዋል። እንዲህም ያደረገ እንደ ሆነ፥ ፈሳሹ ብቻ እየወረደ ደረቁ በውስጡ ተከምሮ ይቀራል፤ ኋላም ለማውጣት እጅግ ያስቸግራል። የሚሻለው መዝጊያውን ዘግቶ ማቆየትና ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ገደማ ሲሞላ ማፍሰስ ነው።

ሲያፈሱም አስቀድሞ የመጸዳጃውን፥ ቀጥሎ የእጣቢውን መልቀቅ ይገባል፤ እጣቢው ቱቦውን እያጠበ ይወርዳልና። ለመጠጥ ውሃ የሚቀዱበት ቱቦና ለእድፍ የተለየው ቱቦ በአንድ ሣጥን ውስጥ እንኳ አብረው ሊቀመጡ አይገባም። እድፍን በሜዳ ወይም በመንገድ ዳር ማፍሰስ በሕግ ያስቀጣል፤ ከዚህም ሌላ በዚያ ስፍራ ነገ የሚያርፈውን ሰው ማሳመም ነው። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ማፍሰሻዎች በመኪና ሰፈሮችና በአንዳንድ ነዳጅ ማደያዎች ስለሚገኙ፥ ጕዞውን ከእነርሱ ርቀት ጋር አስተያይቶ መንደፍ ያስፈልጋል።

ስለ እሳትና ስለ እስትንፋስ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው። በአገራችን ከሰል የተያያዘበትን ማንደጃ ቤት ውስጥ አግብተው፥ በርና መስኮት ዘግተው በማደራቸው ስለ ሞቱ ሰዎች ሰምተን እናውቃለን። የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛም አየር ነው። ይህ አየር ሽታም መልክም የለውም፤ ያገኘው ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ እንቅልፍ እንቅልፍም ይለዋል፤ እርሱ ግን የመንገድ ድካም መስሎት ይተኛል፥ ሳይነሣም ይቀራል። የመኪና ቤት ከአንድ ክፍል ስለሚያንስ፥ በውስጡ ያለው አየር ቶሎ ይመረዛል። በብርድ ሌሊት ማብሰያውን ለሙቀት ብለው እያነደዱ መተኛት፥ ወይም የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተርን በመስኮት አጠገብ አስነሥቶ ማደር ራስን ለሞት መስጠት ነው። በረዶ በሚጥልበትም አገር የጭስ መውጫውን በረዶ ሸፍኖት እንደ ሆነ ሞተሩን ከማስነሣት በፊት መመልከት ይገባል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላልና፥ ሁለት የአደጋ ደወሎችን ማስገባት ግዴታ ነው። አንዱ መርዛሙን አየር የሚያስታውቀው ሲሆን፥ የተኛው ሰው በሚሰማው ስፍራ በአልጋው አጠገብ ይሰቀላል። ሁለተኛው የማብሰያው ጋዝ መፍሰሱን የሚያስታውቀው ነው፤ ፕሮፔን የሚባለው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድና ወደ ታች ስለሚወርድ፥ ይህኛው ደወል በወለሉ አቅራቢያ መሆን አለበት። ደወሎቹም ዕድሜ አላቸውና በላያቸው የተጻፈው ቀን ሲያልፍ ይለወጣሉ። ለማሞቂያም የሚመረጠው፥ ለእሳቱ የሚሆነውን አየር ከውጭ ስቦ ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያወጣው ዓይነት ነው።

መጠኑ ያነሰ ሌላ ጕዳት ደግሞ እርጥበት ነው። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። በዚህ ላይ የሁለት ሰዎች እስትንፋስ በአንድ ሌሊት ግማሽ ሊትር ያህል ይጨምርበታል። ይህ ሁሉ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና ፍራሹን ከበታቹ ያሻግታል። ስለዚህ ብርድ ቢሆንም እንኳ አንዱን መስኮትና የጣሪያውን መተንፈሻ በጥቂቱ ከፍቶ ማደር፥ ፍራሹንም በየጊዜው አንሥቶ ማናፈስ ይገባል።

ስለ መብራት ኀይል

በዚህ ኑሮ ኤሌክትሪክ እንደ እህል ተሰፍሮ የሚበላ ነገር ነው። 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት አለው። የእርሳስ ባትሪ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሳይጐዳ ሊወሰድለት የሚገባው እኩሌታው፥ ማለት 600 ብቻ ነው፤ አዲሱ የሊቲየም ዓይነት ዋጋው ቢወደድም ከዚህ እጅግ የሚበልጠውን ይሰጣል። አሁን 1500 ዋት የሚስብ የሻይ ማፍያ ለዐሥር ደቂቃ ብቻ ቢሠራ 250 ዋት ሰዓት ይበላል፤ ይህም ከእርሳሱ ባትሪ ሊወሰድ ከሚችለው ወደ እኩሌታ የሚጠጋ ነው። ከዚህ የተነሣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሻይና ምግብ በጋዝ ያበስላሉ፤ ኤሌክትሪኩን ግን ለመብራት፥ ለስልክና ለትንሽ ማቀዝቀዣ ይጠብቁታል። በጣሪያ ላይ የሚተከለው የፀሐይ ሰሌዳም የሚረዳው ፀሐይ ባለበት ስፍራ ሲቆሙ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያረፈ ሰው ራሱ ቢቀዘቅዝም ባትሪው ይራባል።

ስለ ማረፊያ ስፍራና ስለ ሕግ

በምዕራብ አሜሪካ በመንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ የተያዘ እጅግ ሰፊ ምድረ በዳ አለ። በብዙው ስፍራ ያለ ክፍያ ማረፍ ቢፈቀድም፥ በአንድ ቦታ የሚቆዩት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14 ቀን ነው። በአሪዞና ግዛት በኳርትዝሳይት አጠገብ ግን ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ፈቃድ ገዝቶ ለመክረም የሚቻልበት ሰፈር ተከልሏል። ስለዚህ ከሰሜኑ በረዶ የሸሹ ብዙ ሰዎች ክረምቱን በዚያ ይሰበሰባሉ። በጋ ሲመጣ ግን የኳርትዝሳይት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋልና ሁሉም ይበተናል። ይህም ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ከቆላ ወደ ደጋ መውጣት ነው። ኳርትዝሳይት ከባሕር ወለል ከ300 ሜትር በታች ከፍታ ሲኖረው፥ በዚያው ግዛት ያለው ፍላግስታፍ 2100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በየሺሁ ሜትር ስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ የአንድ ቀን መንገድ የሄደ ሰው ከዐሥር ዲግሪ በላይ ብርድ ያገኛል።

የሚያስቸግረው በከተማ መቆም ነው። ሥራው፥ ሐኪሙ ወይም ልጆቹ በከተማ የሆኑበት ሰው ወደ በረሃ ሊሄድ አይችልም፤ ብዙ ከተሞችም በመኪና ውስጥ ማደርን ይከለክላሉ። በ2024 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ግራንትስ ፓስ የተባለችውን ከተማ ነገር ሲፈርድ፥ ከተሞች በሕዝብ መሬት ላይ ሰፍረው የሚያድሩትን መቅጣት እንደሚችሉ ወስኗል።

በሌላ በኩል ግን በ2021 ዓ.ም. የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ፍርድ ሊታወስ የሚገባው ነው። በሲያትል ከተማ አንድ በእጅ ሥራ የሚተዳደር ሰው በጭነት መኪናው ውስጥ ይኖር ነበር፤ የሥራ መሣሪያውም በዚያው ነበረ። መኪናው ከተፈቀደው 72 ሰዓት በላይ ስለ ቆመ ከተማው አስጐትቶ ወሰደበትና ለመጐተቻ ከ500 ዶላር በላይ እንዲከፍል ተጠየቀ። ቤቱንም መሣሪያውንም በአንድ ሌሊት ያጣው ሰው ወደ ዳኛ ሄደ። ፍርድ ቤቱም ሰው የሚኖርበት መኪና በሕግ ፊት መኖሪያ ቤት መሆኑን፥ የተጠየቀውም ገንዘብ ለዚያ ድኻ ሰው ከልክ ያለፈ ቅጣት መሆኑን ፈረደለት። ይህም ፍርድ የሚያስረዳን፥ መኪናን አስጐትቶ መውሰድ ለአንዱ ዕቃ ማስያዝ ሲሆን ለሌላው ከቤት ማስወጣት መሆኑን ነው።

ስለ አድራሻ

ቤት የሌለው ሰው መንጃ ፈቃዱ፥ ኢንሹራንሱ፥ ባንኩና የምርጫ ካርዱ ሁሉ አድራሻ ይጠይቁታል። ስለዚህ በመኪና የሚኖሩ ብዙ አሜሪካውያን የደቡብ ዳኮታን፥ የቴክሳስን ወይም የፍሎሪዳን ግዛት እንደ ቤታቸው ያስመዘግባሉ፤ ፖስታቸውንም ተቀብሎ ወደ ደረሱበት ለሚልክላቸው ድርጅት ይከፍላሉ። በደቡብ ዳኮታ ለብዙ ዓመታት የአንድ ሌሊት ማደሪያ ደረሰኝ ማሳየት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ይበቃ ነበር፤ በ2023 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ግን ለመምረጥ የሚመዘገብ ሰው 30 ቀን በግዛቲቱ እንዲኖር ተደነገገ። ይህን ሳያውቅ የተጓዘ ሰው ቤቱን ለመተው ሲያስብ ድምፁንም ትቶ ይገኛል። መድኃኒት የሚያዘወትር ሽማግሌም ሐኪሙ የት እንደሚሆን፥ መድኃኒቱ በየት እንደሚደርሰው አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ስለ ገንዘብና ስለ ቤተ ሰብ ሰላም

በመኪና መኖር ኪራይን እንጂ ወጪን አያስቀርም፤ ነዳጅ፥ ጥገና፥ ኢንሹራንስና ማረፊያ የኪራዩን ቦታ ይወስዳሉ። ስለዚህ ብዙዎች ከወቅት ወደ ወቅት ሥራ ይፈልጋሉ። በመናፈሻ ሰፈሮች ዘበኛና አስተናጋጅ ሆነው በነጻ ማረፊያ ያገኛሉ፤ በመከርም ጊዜ በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ የስኳር ድንች በሚመስለው የስኳር ሥር መከር በቀን 12 ሰዓት ይሠራሉ። ይህ ሥራ ለወጣት እንኳ ከባድ ስለ ሆነ፥ በ70 ዓመቱ ሊሠራው ያቀደ ሰው ጕልበቱን ደግሞ ይመርምር።

በዐሥር ካሬ ሜትር የሚኖሩ ባልና ሚስት ደግሞ ከመኪናው ይልቅ የሚበላሽባቸው ጠባያቸው ነው። ተቈጥቶ ወደ ሌላ ክፍል መሄድ የለም፤ ሌላ ክፍል የለምና። እያንዳንዱ ዕቃ የታወቀ ስፍራ ይኑረው፤ አንድ አዲስ ነገር ሲገባ አንድ አሮጌ ይውጣ። እያንዳንዱም በቀን ለጥቂት ሰዓት ለብቻው የሚሆንበትን ጊዜ ሌላው ያክብርለት። ከሁሉ ይልቅ ግን ሁለቱም ወደው የወጡ መሆን ይገባቸዋል፤ አንዱ ጐትቶ ሌላው ተጐትቶ የወጣ እንደ ሆነ፥ ጕዞው ሩቅ አያደርስም።

«የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ ቤቱን ሸጦ በማግሥቱ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ይጸጸታል። መልካሙ፥ መኪናውን ተከራይቶ በሞቃት ወር ሳይሆን በብርድ ወር ለጥቂት ሳምንት መሞከር ነው። በዚያን ጊዜ ውሃው ሲያልቅ፥ ፍራሹ ሲረጥብ፥ ሌሊት በሩ ተንኳኩቶ «ከዚህ ተነሡ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ይህን አይቶ ደስ እያለው የተመለሰ ሰው ይሂድ፤ መንገዱ ይቅናው። ምርጫ አጥቶ በመኪና የገባውን ሰው ግን፥ በሩን የሚያንኳኳው ሹም ከማስነሣቱ በፊት የሰው ቤት በር እንደሚያንኳኳ ያስብ።